ኦንሰን ምንድን ነው? ታጥበው የሚገቡበት ፍልውሃ

እኛ ፍልውሃ የምንሄደው ለመታጠብ ነው። ሳሙናና ፎጣ ይዘን እንገባለን፣ ንጹሕ ሆነን እንወጣለን። ጃፓን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ይታጠባሉ፤ ፍልውሃው ውስጥ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ይቺን ነገር የያዘ ሰው ኦንሰንን ግማሽ ያህል ተረድቷል።

ቃሉ ቀላል ነው። «ኦን» ሙቅ፣ «ሰን» ምንጭ ማለት ነው። ሰው ግን ምንጩን ብቻ አይደለም ኦንሰን የሚለው። መታጠቢያ ቤቱም ኦንሰን ነው፤ በዙሪያው የተቆረቆረው የእንግዳ ማረፊያ ሰፈርም ኦንሰን ነው። ጃፓን 111 ንቁ እሳተ ገሞራዎች ያሏት አገር ናት። ከመሬት የሚፈልቀው ሙቅ ውሃም ከ27 ሺህ በላይ ቦታ ላይ ይወጣል።

ሙቅ ውሃ ሁሉ ግን ኦንሰን አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ሕግ አለ። ውሃው ከምንጩ ሲወጣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ካልሆነም በሕጉ ከተዘረዘሩት 19 ነገሮች ቢያንስ አንዱን በተወሰነው መጠን መያዝ ይኖርበታል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ምንጭም ማዕድኑ ካለው ኦንሰን ሊባል ይችላል፤ አሙቀው ይጠቀሙበታል። የሰፈሩ ሰው ተራ ውሃ አሙቆ የሚታጠብበት ቤት ደግሞ ስሙ ሌላ ነው፦ ሴንቶ።

ውሃው ምን ምን እንደያዘ መለጠፍም የሕጉ ግዴታ ነው። ልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ የምርመራ ውጤቱ ይታያል። ሰዎች ቆመው ያነቡታል። ይህ ብረት አለው፣ ያኛው ድኝ ይበዛዋል እየተባለ ውሃ ከውሃ ይለያል።

ለውሃው ያላቸውን ክብር ኩሳትሱን የመሰለ የሚያሳይ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ። ኩሳትሱ በጉንማ አውራጃ ተራሮች መሀል ያለች ከተማ ናት። ውሃዋ በጣም አሲዳማ ነው፤ ከምንጩ ሲወጣም ከ50 ዲግሪ ያልፋል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሰው አይገባም። እንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምሩበትስ? አይሆንም፤ ይቀጥናል። ያገሩ ሰው ያገኘው መላ ሌላ ነው። ረጃጅም ሳንቃ ይዘው ገንዳውን ከበው እየዘፈኑ ውሃውን ይገለብጡታል፣ ይመቱታል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ውሃው ግን እንዳለ ይቀራል። «ዩሞሚ» ይሉታል። ዛሬ ለጎብኚ ይታያል፤ ጎብኚውም ሳንቃውን ተቀብሎ የሚሞክርበት ጊዜ አለ።

ሥርዓቱም ከዚሁ ክብር የመጣ ነው። ገንዳውን ብዙ ሰው ይጋራዋል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ትንሽ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው በሳሙና በደንብ ይታጠባሉ። ሳሙናውን እስከ መጨረሻው ያለቀልቃሉ። ረጅም ጸጉር ይታሰራል። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትገባም፤ አጥፈው አናትዎ ላይ ያስቀምጧታል። መዋኘት፣ መንቦራጨቅ የለም። ቀስ ብለው ገብተው ዝም ብለው መቀመጥ ነው። ገንዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሆነ ብዙ መቆየት ያዞራል፤ ወጣ እያሉ መመለስ ይሻላል።

አንድ ከበድ የሚል ነገር አለ። የዋና ልብስ አይፈቀድም። ወንዶችና ሴቶች ገንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ቢሆንም፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ራቁትን መቀመጥ ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ማፈር ነውር የለውም። ብዙ ማረፊያዎች ለቤተሰብ ወይም ለባልና ሚስት ብቻ በሰዓት የሚያከራዩት ገንዳ አላቸው፤ «ካሺኪሪ» ብለው ይጠይቁ።

ሌላው ንቅሳት ነው። በጃፓን ንቅሳት «ያኩዛ» ከሚባሉት የወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ ኦንሰኖች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። እኛ ዘንድ ግን ግንባር ላይ መስቀል፣ አንገት ላይ ጌጥ መነቀስ የእናቶቻችን ወግ ነው። እናታቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አስቀድመው ቢጠይቁ ደግ ነው፤ በር ላይ መመለስ ያሳዝናል። ትንሽ ንቅሳት በፕላስተር ሸፍኖ መግባት የሚፈቅዱ አሉ።

የት ይሄዳል ለሚል፣ ማትሱያማ ከተማ ውስጥ ዶጎ ኦንሰን አለ፤ የእንጨት ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1894 የተሠራ ነው። ኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችው ቤፑ ደግሞ ከየጥጋጥጉ እንፋሎት የሚወጣባት ከተማ ናት። በያማናሺ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ705 ተመሠረተ የሚባለው የኬይዩንካን ማረፊያም በጊነስ መዝገብ የዓለም አንጋፋ ሆቴል ተብሎ ሰፍሯል። እዚህ መሰል ባህላዊ ማረፊያ፣ ማለትም ሪዮካን፣ ሲያድሩ «ዩካታ» የሚባል ስስ የጥጥ ልብስ ይሰጥዎታል። ሲለብሱ የግራው በቀኙ ላይ መደረብ አለበት። ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ለሬሳ ነው።

ከገንዳው ሲወጡ ደግሞ ብዙዎቹ ጃፓናውያን በንጹሕ ውሃ አይለቀለቁም። ማዕድኑ ገላቸው ላይ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ግን እንደ ኩሳትሱ ካለ ኃይለኛ ውሃ ሲወጣ ቢለቀለቅ ይመከራል። ሌላው ውሃውን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ዩካታውን ደርቦ፣ ወደ እራቱ ይሄዳል።