ድራመሩ ሲቀየር፦ ያረጁ የሮክ ባንዶችና የሐዋሳ ሰሚዎቻቸው

ሐዋሳ ውስጥ ሮክ የሚሰማ ሰው ብዙ አይደለም፣ ያለውም ተሰብስቦ ክለብ አላቋቋመ፣ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ አይዞር፣ እንዲሁ በየሥራው ተበትኖ ነው ያለው፤ ግን ጀበና ቡና ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን መሬት እየመታ ሁለት ጣቱን ጉልበቱ ላይ የሚያንኳኳ ሰው ካየህ ወይ ቀጠሮ የረፈደበት ነው ወይ ደሞ ጆሮው ውስጥ ድራመር አለ።

የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ነው። ያረጀ ትልቅ ባንድ ድራመሩን በሞትም በጠብም አጥቶ ሌላ ሰው አስቀምጦ ሲመለስ ሰሚው ምን ይላል፣ በተለይ ደሞ ባንዱ መጥቶ በማያውቅበት ከተማ ያለ ሰሚ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፣ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ሮክ እዚህ የገባው በኮንሰርት አይደለም። ሞባይል ቤት ሄደህ ሚሞሪ ስታስጭን ልጁ በጅምላ ከሚገለብጥልህ ፎልደር ውስጥ ነው የተገኘው፣ በጌም ነው፣ በፊልም ነው፣ ዩኒቨርስቲ ከሌላ ከተማ ላፕቶፕ ይዞ በመጣ የዶርም ልጅ ነው። በአማርኛ ሮክ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ጃኖ ባንድን ነው፣ የመጀመሪያ አልበማቸው ኤርታሌ በ2012 ሲወጣ ቢል ላስዌል ነበር ፕሮዲውስ ያደረገው። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰሚ ባንዱን በአካል አይቶት አያውቅም፣ ያለው ቅጂው ብቻ ነው፣ ያንኑ ቅጂ ሺህ ጊዜ ስለሰማ ደሞ እያንዳንዷን ምት በቃሉ ይዟታል። ለዚህ ይመስለኛል ድራመር ሲቀየር እዚህ ያለው ሰው እዚያ ቲኬት ገዝቶ ከሚገባው በላይ የሚነጫነጨው፤ እዚያ ያለው ቢያንስ መብራቱንና ግርግሩን ያገኛል፣ የኛ ልጅ ግን የሚያወዳድረው በኢርፎን ነው።

አሁን ወሬውን የቀሰቀሰው ራሽ ነው። ራሽ በ1968 ቶሮንቶ የተመሠረተ የካናዳ ባንድ ነው፣ ሶስት ሰው ብቻ። ባስና ድምፅ ጌዲ ሊ፣ ጊታር አሌክስ ላይፍሰን፣ ድራም ደሞ መጀመሪያ ጆን ራትሲ ነበር። ራትሲ የመጀመሪያውን አልበም መትቶ በ1974 ወጣ፣ ስኳር ነበረበት፣ የሙዚቃ ፍላጎታቸውም ተለያይቶ ነበር። በቦታው ኒል ፒርት ገባ፣ ገብቶ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ፒትስበርግ ላይ መድረክ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ግጥሙንም መጻፍ ጀመረና ባንዱ ሌላ ባንድ ሆነ። ይሄን የማነሳው በክርክር መሀል ሁሌ ስለሚረሳ ነው፣ ሰው «ያለ ኒል ራሽ የለም» ሲል ኒል ራሱ በአንድ ወቅት አዲሱ ድራመር እንደነበር አያስብም። አብሯቸው 41 ዓመት ቆየ። መሀል ላይ በ1997 ልጁ በመኪና አደጋ፣ በ1998 ሚስቱ በካንሰር ሞተውበት ባንዱ ለዓመታት ሲቆም ሁለቱ ሌላ ሰው አላስቀመጡም፣ ጠበቁት፣ በ2002 አብረው ተመለሱ። የመጨረሻው ኮንሰርት ኦገስት 1 ቀን 2015 ሎስ አንጀለስ ፎረም አዳራሽ ሆነ፣ ኒል በጃንዋሪ 7 ቀን 2020 በአንጎል ካንሰር በ67 ዓመቱ ሞተ፣ ሰዉም በቃ አለቀ ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ከዚያ ኦክቶበር 6 ቀን 2025፣ በእኛ መስከረም 26፣ ጌዲና አሌክስ፣ ሁለቱም 72 ሞልቷቸው፣ እንመለሳለን አሉ። ቱሩ በጁን 7 ቀን 2026 እዚያው ያቆሙበት ፎረም እንዲጀመር ቀጠሩ፣ ድራሙ ላይ ደሞ አኒካ ኒልስ የምትባል ጀርመናዊት። በ1983 የተወለደች፣ ስሟ በዩቲዩብ ቪዲዮዎቿ የታወቀ፣ በ2022 ከጊታሪስቱ ጄፍ ቤክ ጋር ቱር የዞረች።

በነጋታው ከሰዓት ሁለት ጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ነበርን። አንደኛው ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላኛው ቸርች ድራም ይመታል። ባጃጅ የሚነዳው ተናዷል፣ «አቦ ሴት ስለሆነች አይደለም፣ ማንም ቢሆን አይሆንም፣ ስሙን ይቀይሩት በቃ» ይላል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሌላ ስም ቢመለሱ ደስ እንደሚለው እየማለ። ድራመሩ መልስ አልሰጠውም። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የልጅቷን ቪዲዮ ድምፁን ዘግቶ ነበር የሚያየው፣ ድምፁን ዘግቶ! አንዷን ቦታ ሶስት ጊዜ መለሳትና «ግራ እጇን እያት፣ ዱላው እየዘለለላት ነው እንጂ እሷ አትመታም» አለ፣ ከዚያ ሁለት የሻይ ማንኪያ አነሳና ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ሊያሳየን ጀመረ፣ ቡና አፍይዋ «ስኒዬን እንዳትሰብር አንተ ልጅ!» እስክትለው ድረስ።

ሐዋሳ ውስጥ ድራም የሚችል ወጣት ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ቸርች ነው። ፕሮቴስታንት ቸርቾቹ ብዙ ናቸው፣ ብዙዎቹ ድራም ሴት፣ ማለት ሙሉ የድራም ዕቃ፣ አላቸው፣ ድምፁ እንዳይበዛ ድራመሩን በፕላስቲክ ግድግዳ ከልለው ያስቀምጡታል፣ አኳሪየም ውስጥ ያለ አሣ ይመስላል። እዚያ ድራመር መቀየር የተለመደ ነው። ዲቪ ይደርሰዋል፣ አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ያገባና ልምምድ ይቀራል። አዲሱ ልጅ የመጀመሪያ እሁድ ሲቀመጥ ምዕመኑ ምንም አያውቅም፣ እየዘመረ ነው፣ ግን ዘማሪውን ካየኸው በየመሀሉ በትከሻው ወደ ኋላ ይገላመጣል፤ የለመደው ምት በለመደበት ሰዓት አልመጣለትማ። ሲንጀር ሲቀየር አዳራሹ ሙሉ ያውቃል፣ ድራመር ሲቀየር ግን መድረክ ላይ ያሉት አራት ሰዎችና ጣቱን የሚያንኳኳው ሰውዬ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ሊንኪን ፓርክ ነው። ሲንጀሩ ቼስተር ቤኒንግተን በ2017 ከሞተ በኋላ ባንዱ ዝም ብሎ ቆይቶ በሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 በላይቭ ተመለሰ፣ እኛ ጋ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነበር፣ ጳጉሜ 1 ገብቷል፣ ዝናብ አለ፣ ኔቱ እየተንተፋተፈ አየነው። ኤሚሊ አርምስትሮንግ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወሬው ሁሉ እሷ ናት፣ የቼስተርን ጩኸት ትችላለች አትችልም። በዚያው ሌሊት ግን ከመጀመሪያ ጀምሮ የነበረው ድራመር ሮብ ቦርደንም የለም፣ በቦታው ኮሊን ብሪተን ተቀምጧል። እኛ ሰፈር ይሄን ያነሳ ሰው አልሰማሁም፣ ከዚያው ከቸርቹ ጓደኛዬ በስተቀር፣ እሱም ያለው «ስኔሩ ቀደም ቀደም አለብኝ» ብቻ ነው፣ ስኔር ማለት ድራመሩ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ድምፁ ስል የሆነው ድራም ነው።

ራሽ ላይ እንዲህ በዝምታ የማይታለፈው የኒል ምት የዘፈኑ ዜማ አካል ስለሆነ ነው። ሌላ ባንድ ላይ ድራመሩ ፊል፣ ማለት በዘፈኑ መሀል የምትገባ አጭር የድራም ጌጥ፣ የሚያስገባበትን ቦታ በዚያች ሰዓት እንደመሰለው ይሞላዋል፣ ኒል ግን አንዴ ከጻፈው በየመድረኩ ከሞላ ጎደል ያንኑ ይመታል፣ ስለዚህ ኮንሰርቱ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው እጁን አንስቶ አየር ላይ አብሮት ይመታ ነበር። አኒካ አንዷን የቶም ድራም ምት ብታስቀር ያ ሁሉ እጅ አየር ላይ ይቀራል ማለት ነው። ቆጠራውም አለ። የኛ ጆሮ በቺክቺካ ያደገ ነው፣ ስድስት በስምንት፣ ማለት ስድስት ስድስት እየተባለ የሚቆጠር፣ ሰርግ ላይ ትከሻ የሚያስመታው። ዋይ ዋይ ዚ የሚባለው የራሽ መሣሪያ ብቻ ቅንብር መግቢያው ግን የቶሮንቶ አየር ማረፊያ መለያ ፊደላት በሞርስ ኮድ፣ ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚላክበት፣ ሲመቱ የሚሰጡት ምት ነው፣ አስር በስምንት ተደርጎ ይቆጠራል። ቺክቺካ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ደረጃ ሲወርድ አንዷን እንደሳተ ይደነግጣል፣ ከዚያ ሱስ ይሆንበታል።

ሰሚ አዲስ ድራመር አልቀበልም ማለቱ የዛሬ ነገር አይደለም። ቢትልስ በኦገስት 1962 ፒት ቤስትን አባርረው ሪንጎ ስታርን ሲያመጡ ሊቨርፑል ካቨርን ክለብ ውስጥ ሰዉ «ፒት ለዘላለም፣ ሪንጎ በጭራሽ» እያለ ጮኸ፣ በግርግሩ ጆርጅ ሃሪሰን ዓይኑ ጠቆረ። ያ በጭራሽ የተባለው ሪንጎ ግራኝ ሆኖ ለቀኝ ሰው በተደረደረ ድራም ስለሚመታ ፊሎቹ ሌላ ሰው በማያስበው አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ዛሬ ድራመር ሁሉ እንዴት እንዳደረገው ለማወቅ ይደክማል።

ለኔ ከሁሉ በጥሩ የሄደው የሮሊንግ ስቶንስ ነው። ቻርሊ ዋትስ ከ1963 ጀምሮ የመታላቸው በኦገስት 2021 በ80 ዓመቱ ሞተ፣ በቀጣዩ ወር ሴንት ሉዊስ ላይ በስቲቭ ጆርደን ጀመሩ። ሰዉ ብዙም ያላጉረመረመው ቻርሊ ሳይሞት ታሞ ቱሩን እንደማይችል ሲያውቅ ራሱ ስቲቭን ይሁን ስላለ ነው፣ ስቲቭም ከጊታሪስታቸው ከኪት ሪቻርድስ ጋር ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ሠርቷል፣ የቤት ልጅ ነው። ቪዲዮ ላይ ቻርሊን እየው፣ ስኔሩን ሲመታ በዚያች ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይ ሃቱ፣ ከጥንዶቹ ሳህኖች፣ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ድራመር ሁለቱንም አብሮ ሲመታ እሱ አንዱን ይተወዋል፣ ስለዚህ ስኔሩ ብቻውን ይሰማል። አንዴ ካየኸው በኋላ በስቲቭ ምት ውስጥ ያቺን ክፍተት መፈለግ አትተውም። እኔ አልተውኩም።

ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ደሞ ተቃራኒው። ድራመራቸው ኪት ሙን በ1978 ሲሞት ኬኒ ጆንስን አመጡ፣ ጎበዝ ድራመር ነው፣ ግን ምቱን እንደ ሰዓት እኩል የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ሙን ደሞ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፣ ሲንጀሩ ሮጀር ዳልትሪ ራሱ ይሄ ለኛ አይሆንም ብሎ በአደባባይ አጉረመረመ። በኋላ በ1996 የሪንጎ ልጅ ዛክ ስታርኪ መጣ፣ ልጅ እያለ ድራም ሴት የሰጠው ኪት ሙን ነው፣ ለ29 ዓመት ገደማ መታላቸው፣ ከዚያ በ2025 ኤፕሪል አባረሩት፣ በቀናት ውስጥ መለሱት፣ በሜይ እንደገና አባረሩት። ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው «ይሄማ የኛ ሰፈር ባልና ሚስት ናቸው» ነው ያለው።

ፉ ፋይተርስም ከዚያው ጎራ ነው፣ ድራመራቸው ቴይለር ሃውኪንስ በማርች 2022 ቦጎታ ላይ ሞተባቸው፣ በ2023 ጆሽ ፍሪስን አመጡ፣ በ2025 አሰናበቱትና ናይን ኢንች ኔይልስ የሚባለውን ባንድ ድራመር ኢላን ሩቢንን ወሰዱ፣ ናይን ኢንች ኔይልስ ደሞ ዞሮ ጆሽን ወሰደ። የዝውውር መስኮት በለው።

ያልተኩም አሉ። ሌድ ዜፕሊን ድራመራቸው ጆን ቦናም በሴፕቴምበር 1980 ሲሞት በዲሴምበር በቃን አሉ፣ በ2007 ለአንዲት ምሽት ለንደን ላይ ሲገናኙ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ልጁ ጄሰን ነበር፣ ልጅ ሲሆን ማንም አይከራከርም። ዴፍ ሌፐርድ ከሁሉ ይገርመኛል፣ ድራመራቸው ሪክ አለን በ1984 የመጨረሻ ቀን መኪና ተገልብጦ ግራ እጁን አጣ፣ ሌላ ሰው አንፈልግም ብለው ጠበቁት፣ በግራ እጁ ይመታው የነበረውን በግራ እግሩ በፔዳል እንዲመታ ኤሌክትሮኒክ ድራም ተሠራለት፣ በ1987 በዚያው እግር የተመታ አልበም አወጡ፣ ከወጡት ሁሉ በብዛት የተሸጠላቸውም እሱ ነው።

ወደ ራሽ ልመልሳችሁ። ባጃጅ ነጂው አሁንም እንደተናደደ ነው፣ ግን ባጃጁ ውስጥ የሚከፍተው እነሱን ነው፣ ተሳፋሪ ሲገባ ወደ ቴዲ አፍሮ ይቀይራል። የቸርቹ ልጅ ደሞ ያቺን የሞርስ ኮድ መግቢያ መለማመድ ጀምሯል። ቤቱ ድራም የለውም፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከልምምድ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሄድና አኳሪየሙ ውስጥ ገብቶ ይሞክራል፣ እኔም አንዴ አብሬው ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፣ መጀመሪያ ዙር ጨረሳት፣ ሁለተኛው ላይ ሰባተኛዋ ጋ ወደቀ፣ እንደገና ጀመረ። ስንወጣ በር ላይ ያሉት ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ለዓመታት እሁድ እሁድ የሱን ምት በዚያው በር ሆነው ሲሰሙ የኖሩ፣ እሱን አለፍ አሉና እኔን ጠጋ ብለው «ዛሬ ሌላ ልጅ ነው እንዴ የሚመታው?» አሉኝ።