«እንቁራሪት እኮ ቆሻሻ ውሃ ነው የምትወደው» ለምትሉኝ

ጅማ ውስጥ የዓሣ ገንዳ እየሠራሁና እየጠገንኩ ነው የምኖረው። የውሃ እንቁራሪት ማርባት የጀመረ ሰው ሁሉ ውሃው ለምን እንዳልተቀየረ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «እንቁራሪት እኮ ቆሻሻ ውሃ ነው የምትወደው። ቦዬ ሄደህ አላየህም እንዴ?»

አይቻለሁ። ቦዬ ረግረግ ድፍርስ ነው፤ ድፍርስ ማለት ግን የተመረዘ ማለት አይደለም። እንቁራሪት ሥጋ በል ናት፤ ከሰውነቷ የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ረግረጉ ላይ ውሃው ብዙ ነው፣ ጭቃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ይሰባብሩታል፣ የተረፈውን ቄጤማው ይመገበዋል። አምስት ሊትር የምትይዝ ሳፋ ውስጥስ ማን ይመገበዋል? እንቁራሪቷ ቅርፊት የላት፤ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር በቆዳዋ ይገባል።

አንዲት እናት የልጃቸውን እንቁራሪት በብልቃጥ ይዘው መጡ። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ገልበጥ አድርጌ ሳያት የጭኗ ሥር ቀልቷል። «ውሃው ንጹሕ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። የአሞኒያ መለኪያውን ነክሬ አሳየኋቸው፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

ይህን የሰማ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል፤ ውሃውን ሙልጭ አድርጎ ደፍቶ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ በሳሙና ፈትጎ ይመልሳል። ኧረ በሕግ! ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እኮ እዚያ ስፖንጅ ላይ ነው፤ እንደገና እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። በሳምንት ከውሃው ሩብ ያህሉን ቀይሩ፣ ስፖንጁን በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ በቃ።

«ለሰው የተጣራ ውሃ ለእሷም ይሆናል።» አይሆንም፤ ክሎሪን አለው። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ክፍቱን ቢያድር፣ ሙሉ ቀን ቢቆይ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ክሎሪኑ ይተናል። ውሃ አጋር (እሱም ክሎሪን ነው) የጨመራችሁበትን ጀሪካን ግን ለራሳችሁ ጠጡት።

«ትንሽ ናት፣ ትንሽ ዕቃ ይበቃታል።» የቷ ናት ትንሿ? የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ድንክዬዋ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ላይ ትቆማለች፤ ሃያ ሊትር ለሁለት ይበቃል። ባለ ጥፍሯ ዜኖፐስ ግን ሴቷ ከ10 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች፣ ከ15 ዓመት በላይም ትኖራለች። ገና ግልገል ሳሉ ሻጩ ራሱ ያምታታቸዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የፊት እግሯን እዩ፦ በጣቶቹ መካከል ስስ ቆዳ ካለ ድንክዬ ናት፤ ጣቶቹ ለየብቻ ከተዘረጉ ዜኖፐስ ናት። ዜኖፐስን ከዓሣ ጋር የከተተ ሰው ዓሣውን እንደ ቀለብ ይቁጠረው፤ አፏ የቻለውን ሁሉ ትውጣለች። ጠጠርም ትውጣለች፤ ወይ ደቃቅ አሸዋ ወይ ከአፏ የሚበልጥ ድንጋይ አድርጉላት። ድንክዬዋ በተቃራኒው ስትበላ ቀርፋፋ ናት፤ ዓሦቹ ይቀድሟታል፣ ምግቡን በወረንጦ አፍንጫዋ ሥር አድርሱላት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችንም ያለ ሂተር ይከብዳታል፤ የምትፈልገው ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ነው።

«ዜኖፐስ የፈረንጅ እንስሳ ናት።» ዜኖፐስ ክሊቪ የምትባለው ዘመዷ በእኛው ደጋ ነው የምትኖረው።

«ከነኳት ኪንታሮት ይወጣል።» ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ቫይረስ ነው። ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ግን ታስይዛለች፣ እጃችሁን ታጠቡ።

«የሰለቸችህን አዌቱ ወንዝ ልቀቃት።» በፍጹም። ይዛው ልትሄድ የምትችለው፣ ቆዳ ላይ የሚበቅለው ኪትሪድ ፈንገስ በዓለም ላይ ስንቱን የእንቁራሪት ዝርያ አጥፍቷል። የገንዳውን ውሃ እንኳ በረኪና ሳትጨምሩበት ወደ ወንዝ አትድፉ።

«መብራት ከጠፋ ታፍና ትሞታለች።» የምትተነፍሰው በሳንባ ነው፤ ብቅ ብላ አየር ስባ ትመለሳለች። ስለዚህ ከውሃው በላይ ክፍተት፣ ከክዳኑ ላይ ቀዳዳ ይኑር፤ ክዳን ከሌለ ግን ትዘላለች። መብራት ሲጠፋ የሚታፈኑት የስፖንጁ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰዓታት ከቆየ ስፖንጁን ከፊልተሩ አውጡና ገንዳው ውስጥ እንዲንሳፈፍ ተዉት፤ እስኪመጣም አታብሏት።