ሞሽን ኮንትሮል ጎልፍ ምንድን ነው?

ቲቪው ፊት ቆማችኋል። እግር ከፈት፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ዓይን መሬት ላይ። መሬቱ ላይ ግን ምንጣፍ እንጂ ምንም የለም። እጃችሁ ላይ ያለችውም የጎልፍ ዱላ ሳትሆን በመዳፍ የምትያዝ ፕላስቲክ ናት። ወደ ኋላ ታነሳላችሁ፣ ትወዘውዛላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ አብሯችሁ ይወዘውዛል፣ ኳሷ ትበራለች፣ ኩሬ ውስጥ ትገባለች። ሞሽን ኮንትሮል ጎልፍ ይሄው ነው። በተን በመጫን ሳይሆን እጅን በማንቀሳቀስ የሚመታ የጎልፍ ጌም።

ከድሮው እንነሳ። ኒንቴንዶ የሚባለው የጃፓን ጌም ሠሪ በፈረንጆቹ 1984 «ጎልፍ» የሚል ጌም አወጣ። እዚያ ለመምታት በተኗን ሦስቴ መጫን ነበር። መጀመሪያ ስትጫኗት መስመሩ ላይ ምልክቷ መሮጥ ትጀምራለች፣ ሁለተኛው የምቱን ኃይል ይወስናል፣ ሦስተኛው ደግሞ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሂድ ወይስ ትጠማዘዝ የሚለውን። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ የጎልፍ ጌሞች ይቺኑ ዘዴ ወርሰዋል። ደስ ትላለች፣ አልዋሽም። ግን የአውራ ጣት ስፖርት ናት።

በ2006 መጨረሻ ዊ የሚባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን) ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። «ዊ ስፖርትስ» ውስጥ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ቦክስና ጎልፍ ነበሩ፤ ሁሉም ሪሞቷን ይዞ በመወዝወዝ የሚጫወቱት። የሚገርመው፣ ጎልፉ ላይ ያሉት ባለ አንድ ቀዳዳ 9 ሜዳዎች ከዚያው ከ1984ቱ ጌም የተወሰዱ ናቸው። ድሮ የምታውቁት ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደማግኘት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጌሙ እጄ ምን እንዳደረገ በምን አወቀ? ብዙ ሰው ቲቪው የሚያየው ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ስለነበር መሃል ለመሃል ቆሜ ነበር የምጫወተው። ለካ አያይም! ዊ ላይ ቲቪው አናት የምትቀመጠው ቀጭን ዘንግ እንኳ ዓይን አይደለችም፤ ከሁለቱ ጫፎቿ በዓይን የማይታይ ብርሃን የምትረጭ መብራት ናት። ያንን ብርሃን የምታየው ሪሞቷ ናት፣ እሱም ስክሪኑ ላይ ለመጠቆም። ለጎልፉ ምት ግን የሚሠራው ሪሞቷ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

እሱም አክስለሮሜትር ይባላል። በጣም ጥቃቅን የሆነች የሲሊከን ቁራጭ በስፕሪንግ ተንጠልጥላለች ብላችሁ አስቡ። መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደፊት እንደምንወረወረው፣ ሪሞቷ ስትነቃነቅ ያቺ ቁራጭ ከቦታዋ ፈቀቅ ትላለች። ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለች በኤሌክትሪክ ይለካል። በቃ፣ ተአምሩ ይቺው ናት።

ይሄ ነገር ዝም ብሎ ሲያዝም የመሬት ስበት ይሰማዋል፣ ስለዚህ ሪሞቷ ወዴት እንዳዘነበለች ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው ስትወዘውዙ ነው። የውዝወዛው ኃይል ስበቱን ይውጠውና በዚያች ወሳኝ ቅጽበት ታች የቱ፣ ላይ የቱ እንደሆነ ይጠፋዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሪሞት ውስጥ ያለችው ቺፕ የምትለካው ከስበት 3 እጥፍ ገደማ ድረስ ነው። ክንዱን ዘርግቶ የሚመታ ሰው ይሄን ሳያስበው ያልፈዋል። ከዚያ በላይ ብትለፉ ለእሷ ያው ነው።

ስለዚህ ጌሙ በኃይል መምታታችሁን ያውቃል፤ ዱላው ኳሷን ሲነካ ፊቱ ወዴት ዞሮ እንደነበር ግን በትክክል አያውቅም። እውነተኛው ጎልፍ ላይ ደግሞ የኳሷን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው ያ ፊት ነው። ትንሽ ከተከፈተ ወይም ከተዘጋ ኳሷ ዛፍ ውስጥ ናት። «ዊ ስፖርትስ» ለዚህ የራሱን መላ ዘየደ። ከመጠን በላይ ከመታችሁ የኃይል መለኪያው ቀይ ይሆናል፣ ኳሷም ወደ ጎን ትጠማዘዛለች። የእጃችሁን ስህተት ሳይሆን ጉጉታችሁን ነው የሚቀጣው።

በ2009 ሪሞቷ ቂጥ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ መጣች፣ ሞሽን ፕላስ የምትባል። ውስጧ ጋይሮስኮፕ አለ። ጋይሮስኮፕ የሚለካው መዞርን ነው፣ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደዞራችሁ። አሁን የእጅ አንጓ መጠምዘዝ ተቆጠረ። ይቺን ዕቃ ከተጠቀሙ የመጀመሪያዎቹ ጌሞች አንዱ «ታይገር ዉድስ ፒጂኤ ቱር 10» ነበር፤ እዚያ እጃችሁን ጠምዘዝ ካደረጋችሁ ኳሷም ትጠመዘዛለች፣ ማሳበቢያ የለም።

ጋይሮስኮፕም የራሱ ጣጣ አለው። የሚነግራችሁ የመዞርን ፍጥነት እንጂ አሁን ወዴት እንደምትመለከቱ አይደለም። አቅጣጫውን ጌሙ ራሱ እየደመረ ነው የሚያገኘው። ታዲያ እያንዳንዷ ጥቃቅን ስህተት አብራ ትደመራለች፣ ቆይቶ እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ የያዛችሁት ዱላ ስክሪኑ ላይ ተንሻፎ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው አንዳንድ ጊዜ «ሪሞቱን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ አትንኩት» የሚላችሁ። ዜሮው የት እንደሆነ እየተማረ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ችላ ብሎ ያልፍና በኋላ ጌሙን ይረግማል።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። እኔ ሶፋውን ገፍቼ፣ ምንጣፉን አስተካክዬ፣ ወገቤን አዙሬ፣ ከትከሻዬ በላይ አንስቼ እመታለሁ። እሷ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ በአንድ እጇ ስልኳን እያየች፣ የሌላውን እጇን አንጓ ነቅነቅ ታደርጋለች። ኳሷ ከእኔ ኳስ ርቃ ሜዳው መሃል ታርፋለች። ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ግን ገባኝ። ዳሳሹ፣ ማለትም እንቅስቃሴውን የሚለካው ነገር፣ ያለው እጅ ውስጥ ነው። ወገብ፣ ትከሻ፣ የእግር አቋቋም የሚባል ነገር አያውቅም። አንጓ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ከመላው ክንድ እኩል፣ አንዳንዴም በበለጠ ፍጥነት ይዞራል። ለጌሙ እኔና እሷ አንድ ነን፤ እንዲያውም እሷ ትሻላለች፣ አትደክምማ።

ይሄንን ለማስቀረት በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። በ2010 የመጣው የማይክሮሶፍቱ ኪኔክት ምንም ሳያስይዛችሁ በካሜራ መላ ሰውነታችሁን ያያል፤ በ2011 የወጣው «ኪኔክት ስፖርትስ ሲዝን ቱ» ውስጥም ጎልፍ ነበር። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ማታለል እዚያ ይከብዳል። ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ እጅም ባዶ ነው፣ ባዶ እጅ ሲወዘወዝ ደግሞ ሰው እብድ ይመስላል።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከዊ በኋላ በመጣው የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ ስዊች ላይ ያለውን ነው። በእጅ የምትያዘው የስዊች መቆጣጠሪያ፣ ጆይኮን፣ አክስለሮሜትሩንም ጋይሮስኮፑንም አብራ ይዛለች። «ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ» በ2022 ሲወጣ ጎልፍ አልነበረውም፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በነፃ አፕዴት ተጨመረ፣ 21 ሜዳዎች ይዞ።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ርቆ መምታት ቀላሉ ነው። የሚያናድደው ፑት ነው፣ ኳሷ ቀዳዳው አጠገብ ደርሳ በቀስታ ገፋ የምትደረገው። እውነተኛው ቀዳዳ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ነው። ሜዳው ላይ ፑት የሚቸግረው መሬቱ ስለሚያዘነብል ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ዳሳሹ ተጨማሪ ችግር አለበት። እንቅስቃሴው ትንሽ ሲሆን ሆን ተብሎ የተገፋውንና የእጅ መንቀጥቀጡን መለየት ይከብዳል። ለስለስ አድርጋችሁ ገፋ ስታደርጉ ምንም አይሰማም። ጨመር ስታደርጉ ኳሷ ቀዳዳውን ዘላ ማዶ ትሄዳለች። እኔ የተሻለኝ ከኃይል ይልቅ ርዝመቱን መቀየር ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ እጄን ለቅርቡ ትንሽ፣ ለሩቁ ረዘም አድርጌ ወደ ኋላ ስቤ።

ደግሞ እጃችሁና ስክሪኑ ካልተገጣጠሙ ሁልጊዜ ጥፋቱ የሪሞቷ አይደለም። ብዙ ቲቪዎች ምስሉን ለማሳመር ያዘገዩታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌም ሞድን አብሩት።

እውነተኛ ጎልፍ ያስተምራል ወይ? ፓር (ኳሷን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት የሚጠበቀው የምት ብዛት) ምን እንደሆነ፣ ነፋስ ሲኖር ወዴት ማነጣጠር እንዳለባችሁ፣ መቼ የትኛውን ዱላ መምረጥ እንደሚሻል፣ እነዚህን አዎ። አመታቱን ግን አይመስለኝም። አንድ ጆይኮን 50 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ እውነተኛው ድራይቨር (ለሩቅ ምት የሚሆነው ረጅሙ ዱላ) ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል። ዋናው ግን እጃችሁ ላይ የሚሰማ ግጭት አለመኖሩ ነው። እውነተኛ ኳስ በመጥፎ ስትመታ መዳፍ ይነግራችኋል።

የእጅ ማሰሪያዋን ነገር ደግሞ አደራ። ዊ በወጣ ሰሞን ሪሞት ከእጅ እያመለጠ ቲቪ ስለመታ፣ ኒንቴንዶ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ማሰሪያዎችን በጠንካራ ለመተካት ተገዷል። እኔ ማሰሪያዬን አስሬ ነበር። የረሳሁት የጣሪያውን አምፖል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ሕግ አለ። አምፖሉ ሥር መቆም ክልክል፣ ሶፋ ላይ ሆኖ መምታትም ክልክል። ሁለተኛውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እህቴ ቆማም ታሸንፈኛለች።