«ፒ.ቲ. 109»፦ ባለታሪኩ ሥልጣን ላይ ሳሉ የተሠራው የጦር ፊልም

በጁን 1963 «ፒ.ቲ. 109» የተሰኘው የዋርነር ብራዘርስ ፊልም ሲኒማ ቤት ሲገባ፣ ባለታሪኩ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ዋይት ሐውስ ውስጥ ሥራ ላይ ነበሩ። በሥልጣን ላይ ያለን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ታሪክ ይዞ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ፊልም ይኸው ነው። ክብሩም ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስያሜው የጀልባ ቁጥር ነው። ፒ.ቲ. የሚባሉት 24 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ ከእንጨት የተሠሩ፣ በሦስት የቤንዚን ሞተር የሚከንፉ የአሜሪካ የቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ጀልባዎች ነበሩ። ፍጥነታቸው ግሩም ነው፤ እሳት ከነካቸው ግን የተሸከሙት ቤንዚን ራሳቸውን ይበላቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኦገስት 2 ቀን 1943 ከሌሊቱ 8 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በሰሎሞን ደሴቶች ብላኬት ሰርጥ ላይ፣ የ26 ዓመቱ መኮንን ኬኔዲ ጀልባቸውን በአንድ ሞተር ብቻ እያዘገሙ ይጠባበቁ ነበር። ሦስቱም ሞተሮች ከሠሩ ጀልባዋ ከኋላዋ የምትተወው ነጭ አረፋ ለጃፓን አውሮፕላኖች ይታያል። በዚህ መሐል አማጊሪ የተባለች የጃፓን የጦር መርከብ ከጨለማው ወጥታ ጀልባዋን ለሁለት ሰነጠቀቻት። ከ13ቱ ሰዎች 2ቱ ሞቱ።

ፊልም የሚወጣው ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተረፉት 11 ሰዎች ስብርባሪው ላይ ተንጠላጥለው አነጉ። እሱም መስጠም ሲጀምር፣ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደምትርቅ ትንሽ ደሴት መዋኘት ግድ ሆነ። በሃርቫርድ የዋና ቡድን ውስጥ የነበሩት ኬኔዲ፣ በቃጠሎ ክፉኛ የተጎዳውን የሞተር ሠራተኛ ፓትሪክ ማክማሆንን የነፍስ አድን ጃኬቱን ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው ጎተቱት። አራት ሰዓት ያህል። ያውም በታመመ ጀርባ።

ደሴቲቱ ላይ ምግብ አልነበረም። ኮኮናት ፍለጋ ወደ ሌላ ደሴት ተሻገሩ፤ እዚያ ያገኟቸው ቢዩኩ ጋሳና ኤሮኒ ኩማና የተባሉ፣ ለአሜሪካና ለአጋሮቿ ጦር ቃኚ የነበሩ የአገሬው ልጆች ናቸው። ኬኔዲም የኮኮናት ቅርፊት አንሥተው በቢላ መልእክት ጫሩበት፦ 11 ሰው በሕይወት አለ፣ ትንሽ ጀልባ ያስፈልጋል፣ የአገሬው ሰው ቦታውን ያውቃል። ሁለቱ ወጣቶች ይህን ይዘው በታንኳ የጠላትን ባሕር አቋርጠው አደረሱ፤ ኦገስት 8 ቀን ሁሉም ዳኑ። ያ ቅርፊት ኋላ የፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ አሁን ቦስተን በስማቸው በተሰየመው ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይገኛል። እንደ እኔ ከሆነ፣ ለዋናተኛው የተሰጠው ክብር ግማሹ ለታንኳ ቀዛፊዎቹ ይገባ ነበር።

ታሪኩ በ1944 በመጽሔት ወጥቶ በ1946 በኬኔዲ የምክር ቤት ምርጫ ቅስቀሳ ላይ ተበተነ፤ በ1960 የፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ የጀልባዋ ቅርጽ ያለው የክራባት መያዣ የደጋፊዎች መለያ ሆነ። ጀልባውን ያስመታ አዛዥ እንዴት ጀግና ይባላል ያሉም አልጠፉም። ኬኔዲ ራሳቸው እንዴት ጀግና እንደሆኑ ሲጠየቁ፣ ወድጄ አይደለም፣ ጀልባዬን አሰጠሙብኝ ብለው ቀልደዋል።

ፊልሙ የተመሠረተው ሮበርት ዶኖቫን በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው። መሪ ተዋናይ ሲፈለግ ዋረን ቢቲ ተጠይቆ እምቢ አለ፤ ፕሬዚዳንቱ ክሊፍ ሮበርትሰንን መረጡ። ሮበርትሰን ያኔ አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፣ የሚጫወተው ግን የ26 ዓመት ጎረምሳ ነው። የኬኔዲን የቦስተን አነጋገር እንዳይኮርጅም ተነገረው። ቀረጻው በፍሎሪዳ ደሴቶች ሲካሄድ ዳይሬክተሩ ሉዊስ ማይልስቶን ተነሥቶ በሌስሊ ማርቲንሰን ተተካ። ፒ.ቲ. ጀልባዎች ራሳቸው እንደልብ አይገኙም ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙዎቹ ፊሊፒንስ ውስጥ ተቃጥለዋል። ስለዚህ የነፍስ አድን ጀልባዎች ተለውጠው ፒ.ቲ. መሰሉ።

ውጤቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ጨዋ ግን ቀዝቃዛ ፊልም ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ በጥገናና በሰፈር ቀልድ ያልቃል። ባለታሪኩ ሲፈራ፣ ሲሳሳት ወይም ሲቆጣ ማሳየት የደፈረ የለም፤ ዋይት ሐውስ ያለን ሰው ማን ይደፍራል? ፊልሙ ነፍስ የሚዘራው ጀልባዋ ከተመታች በኋላ ነው።

ፊልሙ በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ኖቬምበር 22 ቀን፣ ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ። በኦክቶበር መጀመሪያ ኬኔዲ ዋሽንግተን ላይ የተቀበሏቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብራቸው ተመልሰው መጡ። የጀልባዋ ቅሪት ደግሞ በ2002 በባሕር ወለል ተመራማሪው ሮበርት ባላርድ ቡድን ወደ 360 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘ፤ የታየው የቶርፔዶ ማስወንጨፊያ ቱቦ ነበር፣ ሳይነሣም እዚያው ተተወ።