ጭቃ ላይ የተቀረቀረው አድሚራል

አድሚራል ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ሰው አንድ ነው። ባሕር አጠገብ የተወለደ፣ ስሙ በጥፋት ያልተነሳ፣ መድፍ ሲያጓራ መርከብ ላይ ቆሞ የሚያዝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የፓስፊክ ባሕር ኃይል የመራው ቼስተር ኒሚትዝ ይህን ሥዕል ያፈርሰዋል። ስለ አድሚራል የሚባለውን አንድ በአንድ እያነሳን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ከልጅነቱ ባሕር ባሕር ሲል ያደገ ነው»

ኒሚትዝ በ1885 የተወለደው ቴክሳስ ውስጥ፣ ከባሕር በራቀች ፍሬድሪክስበርግ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ እሱ ሳይወለድ ሞቷል። ስለ ባሕር የሰማው በወጣትነቱ በንግድ መርከብ ላይ ከሠራው አያቱ ነው። እሱ ግን የተመኘው የምድር ጦር መኮንንነት ነበር። እዚያ ቦታ ሲያጣ ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ ዞረ፤ በ1905 ከ114 ተመራቂዎች ሰባተኛ ወጣ። ባሕሩ ክፉኛ እንዳመመውና ሞራሉን እንዳቀዘቀዘው በኋላ ራሱ ተናግሯል።

«አንዴ ካጠፋህ አበቃልህ»

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ጁላይ 1908፣ ፊሊፒንስ። ኒሚትዝ ገና 23 ዓመቱ ነው፤ ዲኬተር የምትባል ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ያዛል። ወደ ባታንጋስ ወደብ ሲገባ ያለበትን ቦታ በትክክል ከመለካት ይልቅ በግምት ሄደ። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓትም አላየም። መርከቧ ጭቃ ላይ ተቀረቀረች። ወደ ኋላ ቢላት፣ ወዲያ ወዲህ ቢላት፣ ወይ ፍንክች! መሸ። ሌላው ቢሆን ሲብሰለሰል ያድር ነበር። ኒሚትዝ ታጣፊ አልጋውን መርከቧ ላይ ዘርግቶ ለጥ አለ። በማግስቱ አንዲት ትንሽ መርከብ ጎትታ አወጣቻቸው።

ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ ወደ ሥራ ቸልተኝነት ዝቅ ተደረገለት፤ ቅጣቱም የተግሣጽ ደብዳቤ ሆነ። የቀድሞ ጥሩ መዝገቡ ጠቅሞታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላም ማዕረግ ጨመረ። በርግጥ መርከብ ጭቃ ላይ መስካት ብዙ አዛዥ ከቦታው አስነስቷል፤ ስለዚህ ሁሉም እንደሱ ይተርፋል ማለቴ አይደለም።

«ሹመት የሚገኘው ትልቅ መርከብ ላይ በመታየት ነው»

ከዚያ የተመደበው ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው። ያኔ ማንም የሚጓጓለት ምድብ አልነበረም። ጠባብ ነው፤ የቤንዚን ሞተሩ ጭስ ደግሞ ሰው ይመርዛል። እሱ ግን ሥራውን ያዘው። ቤንዚኑ ቀርቶ ናፍጣ ይሁን ባይ ሆነ፤ በ1913 ሞተሩን ሊያጠና ጀርመን ሄደ። ሲመለስ ማውሚ ለተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ የናፍጣ ሞተር አሠራ። አንድ ቀን ሞተሩን ለእንግዶች እያሳየ ሳለ ጓንቱን የማሽኑ ጥርስ ያዘው። የአንድ ጣቱ ጫፍ ሄደ። ጥርሱ ከዚያ እንዳያልፍ ያቆመው ጣቱ ላይ የነበረው የአካዳሚ ቀለበት ነው።

በ1917 ይህችው ማውሚ አትላንቲክ መሃል ላይ፣ ሳይቆሙ፣ በቱቦ ለዲስትሮየሮች ነዳጅ ሞላች። ኒሚትዝ የመርከቧ ሁለተኛ ሰው ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ ፓስፊክን የሚያህል ውቅያኖስ ላይ ሲዋጉ ይህ ዘዴ ባይኖር ምን ሊሆኑ ነበር?

«ማዕረግ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው»

ባብዛኛው አዎ። ግን ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ስትመታ ሰውዬው ባለ ሁለት ኮከብ ነበር፤ በዚያው ወር ሦስተኛውን ዘሎ ባለ አራት ሆነ። የፓስፊክ ባሕር ኃይል አዛዥነቱን የተረከበው ግሬይሊንግ በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው።

«አድሚራል ግንባር ላይ ቆሞ ነው የሚያዋጋው»

በጁን 1942 ሚድዌይ በተባለው የፓስፊክ ደሴት አካባቢ በተደረገው ውጊያ ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ስታጣ ኒሚትዝ ፐርል ሃርበር፣ ቢሮው ነበር። ባሕር ላይ ያዘዙት አድሚራሎቹ ፍሌቸርና ስፕሩዋንስ ናቸው። የሱ ሥራ ከዚያ በፊት ነው ያለቀው። የጃፓንን የምስጢር መልእክት የሚፈቱት ባለሙያዎቹ «ጥቃቱ ሚድዌይ ላይ ነው» ሲሉት አመናቸው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ግን ይህን የሚጠራጠሩ ነበሩ። ዮርክታውን የተባለችው ተሸካሚ ተጎድታ ስትመጣም ረጅም ቦቲ አጥልቆ፣ ውኃው ገና ተመጥጦ ያላለቀበት የጥገና ገንዳ ውስጥ ገብቶ አያት። ሦስት ቀን ሰጣቸው። ደረሰች። በውጊያው ሰጠመች እንጂ፣ ያለሷ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ጠላቱን የሚጠላ ሰው መሆን አለበት»

በ1905 ወጣቱ ኒሚትዝ ጃፓን ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ባዘጋጁት ግብዣ ላይ ነበር። ሩሲያን በባሕር ያሸነፉት አድሚራል ቶጎ በአጠገባቸው ሲያልፉ ጓደኞቹ «ሂድና ጥራቸው» ብለው ገፉት። ሄዶ ጠራቸው። አድሚራሉም መጡ፤ ሁሉንም ጨበጡ፤ በእንግሊዝኛ አዋሯቸው። በ1934 ቶጎ ሲቀበሩ ኒሚትዝ እዚያው ነበር።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 የጃፓንን እጅ መስጠት በአሜሪካ ስም የፈረመው ይኸው ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ የቶጎ መርከብ ሚካሳ ተዘርፋ ዝጋ ነበር። ኒሚትዝ ትታደስ ብሎ ዘመቻውን ደገፈ፤ ገንዘብም ሰጠ። መርከቧ በ1961 ጃፓን ውስጥ ዮኮሱካ ላይ ለጎብኚ ተከፈተች።