ቴራሪየም ምንድን ነው? ካክተስ ለምን አይዘጋበትም?

በቅርቡ አንድ ሰው ስለ ቴራሪየም ሲያስረዳ ሰማሁ። «መስታወት ውስጥ የተተከለ ተክል ነው። አንዴ ከዘጋችሁት ውሃም እንክብካቤም አይፈልግም። የመኝታ ቤታችሁን አየርም ያጸዳል» አለ። በእጁ የያዘው ጠርሙስ ክዳን ነበረው፤ ውስጡ ደግሞ ካክተስ የሚባለው እሾሃማ የበረሃ ተክል ተተክሏል።

እንዲህ ያለውን ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን ሰዎች ለልደትና ለአዲስ ቤት ስጦታ እየገዙት ነው። ተክሉ ይበሰብሳል፣ ገዢውም «እኔ እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የገዙት ነገር ከመጀመሪያውም መኖር አይችልም ነበር።

ቴራሪየም ማለት ብርሃን የሚያስገባ፣ እርጥበት ግን የማያስወጣ ዕቃ ውስጥ አፈርና ተክል አብረው ሲኖሩ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ውሃው በሚዞርበት መንገድ ላይ ነው።

ዕቁብ አስቡ። በዕቁብ ውስጥ ከውጭ የሚጨመር ብር የለም፤ ያው የአባላቱ ብር ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው። በቴራሪየም ውስጥም ውሃው ያው ነው። አፈር ለሥር ይሰጣል፣ ሥር ለቅጠል፣ ቅጠል በትነት ለአየሩ። አየሩ መስታወቱ ላይ ጠብታ አድርጎ ወደ አፈሩ ይመልሰዋል። ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የምትጨምሩት ውሃ መጠን ብዙ ነገር ይወስናል። ከመጠን በላይ ያፈሰሳችሁት ውሃ መውጫ የለውም። የአበባ ማሰሮ ከታች ቀዳዳ አለው፤ ይሄ የለውም።

ዕቁብተኛ ደግሞ ገቢ ያስፈልገዋል። የተክሉ ገቢ ብርሃን ነው፣ የሚመጣውም ከውጭ ነው። «ተዘግቷል» ሲባል ለውሃ ነው እንጂ ለብርሃን አይደለም። ጨለማ ኮሪደር ላይ ያስቀመጣችሁት ቴራሪየም ውሃ እያለው ቀስ ብሎ ይሞታል።

አሁን ካክተሱን አባል አድርጉት። ካክተስ ውሃ ተቀብሎ በሰውነቱ ውስጥ የሚያጠራቅም ተክል ነው። ቅጠሉ ወደ እሾህ ተለውጧል። ቆዳው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የሚከፍተው በአብዛኛው ሌሊት ነው፣ ውሃ እንዳያባክን። ይቀበላል፣ ወደ ዙሩ ግን እምብዛም አይመልስም። እዚህ ላይ ንጽጽሩ ትንሽ ይጣመማል። ዕቁብ ውስጥ ወስዶ የሚጠፋ ሰው የሚጎዳው ሌሎቹን ነው፤ እዚህ ግን ቀድሞ የሚጎዳው ራሱ ነው። አፈሩ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ግንዱ ከታች ይለሰልሳል። ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከታች አልቆለታል። እሬትም ሆነ ሌሎች ቅጠለ ወፍራም ተክሎች ዕጣቸው ይኸው ነው።

ክዳን የሌለው ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ካክተስ ተክሎ «ቴራሪየም» የሚል ካለ በስሙ አልጣላም። ክፍት ቴራሪየም ይባል። ነገር ግን እንክብካቤው ፈጽሞ የተለየ ነው። ክፍቱ አፈሩ ከደረቀ በኋላ በጥቂቱ ይጠጣል፣ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ዝግ የሆነው እርጥበት ይወዳል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ይገድለዋል። የአንዱን ምክር ለሌላው መስጠት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ያ ሰው ያደረገውም ይህንን ነው፤ የክፍቱን ተክል ወስዶ የዝጉን ምክር ሰጠው።

የነገሩ አጀማመርም ይህንን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1829 ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም የእሳት እራት ከሽፋኗ ስትወጣ ለማየት እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ዘግቶ አስቀመጠ። አፈሩ ላይ ፈርንና ሳር በቀሉ። ግቢው ውስጥ የተከላቸው ፈርኖች በከተማው የከሰል ጭስ እየሞቱ ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ለመለመ። በ1833 በመስታወት ሣጥን የታሸጉ ተክሎችን በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ፣ በሕይወት ደረሱ። ጠርሙሱ ውስጥ የለመለመው ፈርን ጥላና እርጥበት የሚወድ ተክል ነው።

«እንክብካቤ አይፈልግም» የሚሉ ሰዎች ደግሞ አንድ ማስረጃ አላቸው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 የተተከለና በ1972 ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የጠጣ ትልቅ ጠርሙስ አለ። እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ታሽጎ ኖሯል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። ጠርሙሱ በጣም ትልቅ ነው። ውስጡ የተተከለው እርጥበት የሚስማማው ትራዴስካንሺያ የሚባል ተክል ነው። የተቀመጠው ከመስኮት ራቅ ብሎ ነው። ባለቤቱም ተክሉ ወደ አንድ ጎን እንዳይጋደል በየጊዜው ያዞረው ነበር። ይህ እንክብካቤ ካልተባለ ምን ይባላል?

የአየር ማጽዳቱ ነገር አጭር ነው። ክዳኑ ከተዘጋ ውስጥ ያለው አየር ውስጥ ይቀራል። የመኝታ ቤታችሁን አየር ሊነካው አይችልም።

ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ከታች ተመልከቱ። ከአፈሩ በታች ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ጠጠር ሊኖረው ይገባል። እኛ አገር ለዚህ ሬድ አሽ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ጠጠሩ ትርፍ ውሃን ይይዛል እንጂ አያስወግድም። ጠጠሩ ውሃ ከሞላ አፈሩም እርጥበቱ አይለቀውም። አፈሩ ቀለል ያለ ይሁን። የግቢ መረሬ አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ አየር አያሳልፍም። አፈሩን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነው አጭር አረንጓዴ ተክል፣ ሞስ፣ ሕያው መሆኑንም ጠይቁ። ቀለም የተነከረ የደረቀ ሞስ ይሸጣል፤ እሱ ጌጥ ነው። መስታወቱ ቀለም የሌለው፣ አፉም እጅ የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል። ፈርን፣ ፊቶኒያና ሞስ ለጀማሪ ይሆናሉ።

ሞሱን ለማግኘት ብላችሁ ግን ከእንጦጦ ወይም ከመናገሻ ሱባ ጫካ አትላጡ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው፣ የጫካውን እርጥበትም ለመጠበቅ ያግዛል።

ቤት ከገባ በኋላ ጠርሙሱ ራሱ ይነግራችኋል። ጠዋት አንዱ ጎን ጉም ይዞ ቀትር ላይ ከጠራ ጤነኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ዙሪያውን ውሃ ካለቀሰ በዝቶበታል፤ ክዳኑን ለጥቂት ሰዓታት ክፈቱ፣ በማግስቱ እንደገና እዩት። ጭራሽ ጉም ካጣ ጥቂት ውሃ ጨምሩ። ማዳበሪያ አትጨምሩ። ተክሉ በፍጥነት አድጎ ጠርሙሱን ይሞላዋል እንጂ አይጠቅመውም።

እኔ የምሠራው በግሪንሃውስ ውስጥ በሚነሱ የተክል በሽታዎች ላይ ስለሆነ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጽጌረዳ እርሻዎች ሌሊት የሚያስጨንቃቸው ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ነው። የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሞተ ቅጠልና ከረጠበ አበባ ነው። እርሻ ላይ መስኮት ከፍተን አየሩን እናንቀሳቅሳለን፤ እናንተ ያላችሁ ክዳኑ ብቻ ነው። የወደቀ ቅጠል ሁሉ በመቆንጠጫ ይውጣ። ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ግን ቤት ውስጥ አትርጩ፤ የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ መድኃኒቱም መውጫ የለውም።

ውሃውም ይታሰብበት። ወደ ጠርሙሱ የገባ ማዕድን ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ የጉድጓድ ውሃችሁ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል። ድራሲናን የመሰሉ ተክሎች በእሱ የቅጠላቸው ጫፍ ይቃጠላል። የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ ብትጠቀሙ ይሻላል።

ካክተስ ያለበት የተዘጋ ጠርሙስ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ክዳኑን አውጡት። ግንዱን ከታች በጣት ነካ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ሬድ አሽ በበዛበት አፈር፣ ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ተክላችሁ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡት፣ ለጥቂት ቀናትም ውሃ አትስጡት። ባዶውን ጠርሙስ እጠቡና ፈርን ትከሉበት።