«ደግ ጣጣ»፦ የጆን ሉዊስ አባባል ትርጉምና አመጣጡ

ሐበሻ ቤት ያደገ ሰው እነዚህን ሳይሰማ አያድግም። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ።» «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» «ጎመን በጤና።» ወላጆቻችን ይህን የሚሉን ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ወጥቶ የቀረ ልጅ አይተዋል።

በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አላባማ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ አጠገብ የተወለደው፣ በኋላ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይና የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የሆነው ጆን ሉዊስም የሰማው ምክር ይኸው ነበር። ወላጆቹ ጥቁር ገበሬዎች ናቸው። የሰው መሬት ሲያርሱ ኖረው በ1944 በ300 ዶላር የራሳቸውን ገዙ። ልጁ ከተማ ሲወጣ «ለነጮች»፣ «ለጥቁሮች» የሚሉ ጽሑፎች ያያል። ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። እናቱም፣ አባቱም፣ አያቶቹም መልሳቸው አንድ ነው፦ ነገሩ እንዲህ ነው፤ መሃል አትግባ፤ ጣጣ ውስጥ እንዳትገባ።

አባባሉ የተወለደው ከዚህ ምክር ነው። ሉዊስ ካደገ በኋላ በየንግግሩ የሚደጋግመው ነገር ነበረው፦ «ጉድ ትራብል»። ወደ አማርኛ ሲመጣ ቃሉ ያስቸግራል። «ችግር» አይሆንም። እኛ ጋ ችግር ማጣት ነው፤ በሰው ላይ ይመጣል እንጂ ሰው ፈልጎ አይገባበትም። «ረብሻ» ደግሞ የፖሊስ ቃል ነው። እኔ «ጣጣ»ን መርጫለሁ። እናት ልጇን «ጣጣ ውስጥ እንዳትገባ» ስትል፣ አንድ ነገር አድርገህ መዘዙ እንዳይከተልህ ማለቷ ነው። ሉዊስ የእናቱን ቃል አልጣለውም። «ደግ» የሚል ጨመረበት እንጂ። መዘዝ እንደሚከተል ያውቃል። ግን ለመልካም ነገር ከሆነ ግባበት ነው የሚለው።

ቃሉን ማን ወደ ሥራ ለወጠለት? በ15 ዓመቱ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ያለችውን የሮዛ ፓርክስን ታሪክና የማርቲን ሉተር ኪንግን ድምፅ በሬዲዮ ሰማ። በ1956 ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ካርድ ጠየቁ፤ ለነጮች ብቻ ነው ተባሉ። በ1957 ፓርክስን፣ በ1958 ኪንግን በአካል አገኘ። እነዚህ ሰዎች ናቸው ደግ ጣጣ ውስጥ የከተቱኝ ይል ነበር።

«ደግ» የሚለው ቃል ግን እንዲሁ ጌጥ አይደለም። ቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ፣ ጄምስ ላውሰን የተባሉ ሰው ተማሪዎችን ይሰበስቡ ነበር። ተማሪዎቹ መሰደብን ይለማመዳሉ። መገፋትን፣ ከወንበር መጎተትን ይለማመዳሉ። መልሶ አለመምታትንም እንደዚያው። ከዚያ ጥቁር የማይስተናገድባቸው ምግብ ቤቶች ገብተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሉዊስ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰረ። ያን ቀን ነፃ የወጣሁ ያህል ተሰማኝ ብሏል። በዚያ የትግል ዘመን 40 ጊዜ እንደታሰረ ይናገር ነበር። የምክር ቤት አባል ከሆነ በኋላ ደግሞ 5 ጊዜ።

የአባባሉ ትርጉም ለእኔ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ በአንዲት የጀርባ ቦርሳ ነው። በማርች 7 ቀን 1965፣ ሉዊስ ወደ 600 የሚጠጉ የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሰልፈኞችን እየመራ አላባማ ውስጥ ያለችውን የሴልማ ከተማን ድልድይ ሲሻገር ጀርባው ላይ ነበረች። ውስጧ ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ፖም፣ አንድ ብርቱካን፣ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና አሉ። እንደሚታሰር ገምቶ ተዘጋጅቶ ነው የወጣው። የጠበቀው ግን ከእስር የከፋ ነበር። የግዛቷ ፖሊሶች በዱላ፣ በፈረስና በአስለቃሽ ጭስ ወረዱባቸው። የሉዊስ ጭንቅላት ተሰነጠቀ። 25 ዓመቱ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 6፣ የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈረመ። ዛሬ ጆርጂያ ውስጥ ዜግነት አግኝቶ ድምፅ የሚሰጥ ሐበሻም ከዚያ ሕግ ተጠቃሚ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ እኔ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። በ1963ቱ የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ከተናጋሪዎቹ ሁሉ ትንሹ እሱ ነበር። ንግግሩ የመንግሥቱን የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ አንደግፍም የሚል ነበረበት። የዋሽንግተኑ ሊቀ ጳጳስ ይህ ከተነገረ መድረኩ ላይ አልገኝም አሉ። ሉዊስ አልቀይርም ብሎ ቆየ። በመጨረሻ የሰልፉ ጠንሳሽ፣ የ74 ዓመቱ አሳ ፊሊፕ ራንዶልፍ መጡ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቀን ነው፣ እባክህ ብለው ለመኑት። ለእሳቸው ሲል አለሳለሰው። ሲያለሳልሰውም ከዕለቱ ንግግሮች ሁሉ ጠንካራው ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ሲለምን እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ እናውቃለን። ያ መመለስ ሽንፈት አይመስለኝም። ጣጣው ደግ የሚሆነው አብሮህ የቆመውን ሰው ማየት ስትችል ነው።

በ1986 ተመርጦ የአትላንታ ተወካይ ሆነ። ሥልጣን ግን አርፎ እንዲቀመጥ አላደረገውም። በ2009 ስለ ዳርፉር ሲል ሱዳን ኤምባሲ በር ላይ ታሰረ። በ2016 የጦር መሣሪያ ሕግ ድምፅ ይሰጥበት ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር ምክር ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለ። የምክር ቤቱ ካሜራዎች ሲጠፉ አባላቱ በስልካቸው አስተላለፉት። በ76 ዓመቱ፣ ናሽቪል የተማረውን ያንኑ መቀመጥ!

በማርች 2020 የቆሽት ካንሰር ይዞት ሳለ ድልድዩ ላይ ተመልሶ ቆመ። ደግ ጣጣ ውስጥ ግቡ፣ የግድ የሚያስፈልግ ጣጣ ውስጥ ግቡ አላቸው ለተሰበሰቡት። ጁላይ 17 አረፈ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አስከሬኑ በፈረስ ጋሪ ያንኑ ድልድይ ለመጨረሻ ጊዜ ተሻገረ። ደሙ የፈሰሰበት ቦታ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ተበትኖ ነበር። ማዶ የአላባማ ፖሊሶች ተሰልፈው ይጠብቁታል። ሳጥኑ ሲወርድ ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት።